ዘይት የጠጣች ሞተር

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ባጃጅ ይዤ ልጄ ቤት ወደ ዘንዘልማ ስሄድ፣ ድልድዩን ተሻግረን ዓባይ ማዶ ገና እንደገባን አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። የላስቲክ አይደለም፣ የቤንዚንም አይደለም፤ ደረቅና ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ ምጣድ ላይ የተረሳ ሽምብራ የሚመስል ሽታ ነው። ሰው ሲያረጅ ወደ ኋላ የሚጎትተው አንድ ሽታ አያጣም፤ አንዱን የእናቱ ጓዳ፣ ሌላውን የትምህርት ቤት ጠመኔ ይጎትተዋል። እኔን የሚጎትተኝ ያረረ ፍሪሲዮን ነው። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ሞተሩ ይጮሃል፣ ባጃጁ ግን ጩኸቱን የሰማ አይመስልም፤ እንደዚያው ዝግ ብሎ ይሄዳል።

«ልጄ፣ ፍሪሲዮንህ አይዝም» አልሁት። በመስተዋቱ አየኝ። ከኋላው ያለችው ነጠላዋን ያጣፋች፣ ዘንቢል የታቀፈች አሮጊት ናት። «እማማ፣ ሸራው አልቆ ነው፤ ጋራዥ ነግረውኛል፣ ቅዳሜ ይቀየራል» አለኝ በትሕትና። «ፈተው አዩት?» ብዬ ብጠይቀው «አይ፣ በድምፁ ነው ያወቁት» አለ። «እንግዲያው አላወቁም» አልሁት። አልተቆጣም። ምናልባት ባሏ ሾፌር የነበረ ይሆናል ብሎ ሳይገምት አይቀርም። ባሌ ሾፌር አልነበረም፤ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ ብስክሌት እንኳ ሲነዳ ምሰሶ ይፈልግ ነበር። ሞተር የነዳሁት እኔ ነኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከጎማው የሚያገናኝና የሚያለያይ ነገር ነው፤ የሚጨብጠው ልባሱ ሸራ ይባላል። በግራ እጅ ያለውን እጀታ ሲስቡት ይለያያሉ፣ ሲለቁት ይያያዛሉ። ሲታመም ከሁለት አንዱን ነው የሚታመመው። ወይ አልላቀቅም ይላል፤ ያን ጊዜ እጀታውን ይዘውት እንኳ ሞተሩ ወደፊት ይገፋል፣ ማርሹም እየተንቋቋ ነው የሚገባው። ወይ ደግሞ አልይዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይሰማም። ካቦው፣ ማለት እጀታውን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘው ሽቦ፣ ከመጠን በላይ ሲላላ የመጀመሪያው ይመጣል፣ ከመጠን በላይ ሲወጠር ሁለተኛው። ሰው ግን ለሁለቱም «ሸራው አልቋል» ብሎ ይገላገላል፤ ሸራ ደግሞ በእኛ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተጠይቆ እስኪመጣ ያልተጠቃች ጊደር ትወልድ ነበር።

በእኛ ጊዜ ስል፣ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በራሽን በምናወጣበት ጊዜ ማለቴ ነው። ከስብሰባ የቀረ ሰው ስኳሩን ያጣል፤ ስለዚህ ሁላችንም ስብሰባ ወዳድ ነበርን። ባሕር ዳር ዘንባባዎቿ ገና አጭር ነበሩ፣ መንገዱ የብስክሌት ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ፣ ከሐረር በለው ከአስመራ፣ አስፋልቱን በብስክሌት ይሞላዋል፤ የደወል ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር። ከሐይቁ ዳር ትኩስ ቀረሶ ዓሣ በዘንቢል ገዝተን ስንሄድ ጅራቱ ከዘንቢሉ ወጥቶ ልብሳችንን ያረጥበዋል። ወንዱም ሴቱም ካኪ ለባሽ ነው፤ ካኪው የመንግሥት ሲሆን፣ ከጉልበት በታች አስፍቶ ቤልቦተም ማድረግ ግን የየሰውዬው ጉዳይ ነበር። እኔ ያን ሱሪ ለብሼ፣ ከስክስ ጫማ አድርጌ፣ አፍሮዬን በሻሽ አስሬ ቢጫ ሞተር ላይ ስወጣ ማየት ነበር። ዛሬ ሳስበው እንኳ ደስ ይለኛል፤ ቆንጆ ነበርሁ።

ሞተሯ የመሥሪያ ቤታችን ናት። እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርሁ፤ ሥራዬ የገበሬውን ከብት መከተብ ነው። ሞተሯ ለገጠር ጭቃና ድንጋይ የተሠራች፣ ጎማዋ ጥርሳም፣ ከመሬት ከፍ ያለች ነበረች። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር ሊነዳት የሚችል በቢሮው ጠፋ፤ ከሥልጠና ላይ ፈትቼ መግጠምና መንዳት የተማርሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። አለቃችን ጓድ ታምራት ቁልፉን ሲሰጠኝ ፊቱ የጥርስ ሕመም የያዘው ሰው ፊት ነበር። «ለጊዜው ነው» አለኝ። «ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ሞተር ቆሞባት ብትቀር የሚጠየቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የቆመችብሽ ዕለት ቁልፉን ታስረክቢያለሽ፤ አንቺም ወደ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ።» መዝገብ ቤት ከመሬት በታች ያለ፣ ሻጋታ የሚሸት ክፍል ነበር። እዚያ ገብቼ ማኅተም እየመታሁ ከማረጅ ከእነሞተሯ ዓባይ ብገባ እመርጥ ነበር። ብዙም አልቆየ፣ ደምሴ የሚባል ልጅ ተቀጠረ፤ ደኅና ልጅ ነው፣ ግን ሞተር መንዳት ይችላል። ከዚያን ቀን ወዲህ የሞተሯን ድምፅ ስሰማ የራሴን ልብ የማዳምጥ ያህል ነበር።

ከዘንዘልማ ወዲያ፣ ከሐይቁ ዳር፣ የምሠራባት አንዲት መንደር ነበረች። ዛሬ የልጄ ቤት ያለበት ዘንዘልማ ያኔ ጤፍ ነበር፤ ከጤፉ ወዲያ ረግረግ፣ ከረግረጉ ወዲያ ደንገል፣ ከዚያ ውኃ። የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ዘርዓ ብሩክ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም የኔታ ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ሱሪዬን ላለማየት ሲያናግሩኝ ዛፉን ነበር የሚያዩት። ላማቸው አምጣ አልወልድ ብላ እኔ ክንዴን ከትቼ ጥጃውን ካወጣሁላት በኋላ ግን ከዛፉ ወደ እኔ ዞሩ። ሞተሯን «በቅሎሽ» ነው የሚሏት። «በቅሎሽ ዛሬ ደክሟታል፤ አሳርፊያት» ይላሉ። ወይም ዙሪያዋን ዞረው አይተው «ሳር አትበላ፣ ገብስ አትጠይቅ፤ ምንኛ ጨዋ ናት» ይላሉ።

ክረምት ሲገባ የዚያ አገር ጥቁር አፈር ይቦካል፤ እንኳን ሞተር እረኛም አይወጣበትም። ስለዚህ አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ሞተሯን የኔታ ደጀ ሰላም አቁሜ፣ አደራ ብዬ፣ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። «አይዞሽ፣ እንደ ራሴ ከብት ነው የምይዛት» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ጉዱ የመጣው ከዚሁ ነው።

መስከረም ላይ በአጎራባች ወረዳ ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ታየ ተባለ። ደስታ የገባበት መንደር በሳምንት ውስጥ በሬ አልባ ይሆናል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። ጓድ ታምራት አዘዘ፦ በማለዳ በታንኳ ሄደሽ የሐይቁን ዳር ከብት ክተቢ፣ ከዚያ በሞተር ወደ ላይ ወጥተሽ በተራራው ሜዳ የሚሰበሰበውን ክተቢ፤ እኔና ደምሴ በዋናው መንገድ በላንድሮቨር መጥተን ከሜዳው ላይ እንጠብቅሻለን። ደምሴ ለምን እንደሚመጣ ማንም አልነገረኝም፤ መንገርም አያስፈልግም።

ከታንኳው ስወርድ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በትከሻዬ ይዤ ነበር። የመንደሩን ከብት ከትቤ ጨረስሁ፤ ፀሐይዋ ገና ለጋ ነበረች። የኔታ ሞተሯን ሰሌን ገልጠው አወጡልኝ። ያበራችው ማብራት! አንድ ሸረሪት እንኳ አላደረባትም። ሣጥኑን ከኋላ አሰርሁ፣ ረገጥሁ፣ ተነሣች። ሜዳ ሜዳውን ደኅና ሄደች። ዳገቱን ስትጀምር ግን ጮኸች እንጂ አልወጣች። ነዳጅ ጨመርሁ፣ ጩኸቷ ጨመረ፣ እግረኛ ከብት ነጂዎች አልፈውኝ ሄዱ። ያ ሽታ መጣ። ወዲያው አጠፋኋት፤ ከሸተተ በኋላ ግድ ብሎ መንዳት ነው እውነተኛውን ሸራ የሚያስጨርሰው። እየገፋሁ ወደ የኔታ ደጅ ቁልቁል ተመለስሁ።

«ምነው ልጄ፣ የረሳሽው አለ?» አሉኝ።

«ፍሪሲዮኗ አልይዝም አለኝ የኔታ። በረዶው ሳይቀልጥ ሜዳው ካልደረስሁ ክትባቱ ይበላሻል፣ ከብቱም ሳይከተብ ይበተናል። እኔም ከዛሬ ወዲያ አልመጣም፤ ሞተሯን ለወንድ ይሰጧታል።»

የኔታ ማማተብ ጀመሩ። እኔ ግን፣ ሳላጋንን፣ አልፈራሁም። ንዴት ነበረብኝ እንጂ ፍርሃት አልነበረብኝም፤ ብረት አይዋሽም፣ አንድ በአንድ ከጠየቁት ይመልሳል። መጀመሪያ አስነሥቼ፣ ፍሬን ይዤ፣ ማርሽ አስገብቼ እጀታውን ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ደኅና ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል። አልጠፋም፣ መጮኹን ቀጠለ። ስለዚህ በእውነት አልያዘም። ቀጥሎ እጀታውን አየሁት። ጤነኛ እጀታ መጀመሪያ ጥቂት በባዶ ይሳባል፤ እኛ በእጀታውና በማቀፊያው መካከል አሥር ሳንቲም አስገብተን ነበር የምንለካው፤ ሳንቲሙ ልክክ ካለ ልክ ነው። የእኔ ሳንቲም አልገባም። ማስተካከያዋን ዳዶ አላላሁ፤ እጀታው አሁንም እንደ ሰነፍ ተማሪ ቀስ እያለ ነው ወደ ቦታው የሚመለሰው። ከታች ፍሪሲዮኑን የሚጎትተውን ክንድ በእጄ ነካሁት፤ እሱ ደኅና ነው፣ እንደተለቀቀ ይመለሳል። እንግዲህ ከላይም ከታችም ካልሆነ በመካከል ነው። ካቦውን በሁለቱም ጫፍ ፈታሁና ውስጠኛውን ሽቦ ለመሳብ ሞከርሁ። እንቢ አለ። በጉልበቴ ስስበው አንድ ቡናማ፣ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ፣ የገለባ ብናኝ የለወሰው ነገር ይዞ ወጣ። አሸተትሁት።

«የኔታ፣ ይኸ የኑግ ዘይት ነው» አልሁ።

ሽማግሌው ወደ መሬት እያዩ «እኔ ነኝ» አሉ። «ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት አጠጣኋት። የበቅሎ ልጓም ክረምት ላይ በኑግ ካልታሸ ጠፍሩ ይሰነጠቃል። ይኸም ልጓሟ ነው ብዬ... እጄ አመጣብሽ ይኸን ነገር?»

ሳቄ መጣ። ቢመጣም ዋጥሁት፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የኑግ ዘይት ለጠፍር መድኃኒት ነው፤ ለብረት ግን ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል። ሽቦው በሙጫው ተይዞ እጀታው ተለቆም ፍሪሲዮኑ ግማሽ እንደተሳበ ይቀራል፤ ሸራው ሳይጨብጥ ይፋተጋል፣ ያራል። ሌላ ምንም የላትም። «የኔታ፣ ከልጓሟ ሌላ ወደ ሆዷስ ጨምረዋል?» አልኋቸው በጭንቀት። «ሆዷን አልነካሁም፣ በሚካኤል» አሉ። ተነፈስሁ።

«እንግዲያው ትድናለች። ይኸን ሙጫ የሚያጥበው ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ነው። ቤንዚኔን ካፈሰስሁ ዳገቱን የምወጣበት አይተርፈኝም። ነጭ ጋዝ ይኖራል?»

የኔታ ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ፋኖሳቸውን ይዘው ነበር። ያን ጊዜ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ በራሽን ነው የሚሰጠው፤ ለሐይቁ ዳር መንደር ደግሞ ሲደርስ ነው የሚደርሰው። የኔታ ሌሊት ለማኅሌት ሲነሡ መጽሐፋቸውን የሚያዩት በዚያች ፋኖስ ነበር። «ለመጪው ወር የቀረኝ ይኸው ነው፤ ሁሉንም አፍስሽው» አሉኝ። «ትንሽ ይበቃኛል» ስላቸው «እኔ ማኅሌቱን በቃሌ እለዋለሁ። በሬዎቹ ግን ቃል የላቸውም» ብለው ፋኖሱን ወደ እጄ ገፉት።

ካቦውን ከዋንዛ ቅርንጫፍ ሰቅለን፣ ከላይ በኩል ከኮባ ቅጠል ማንቆርቆሪያ ጠቅልዬ አሰርሁበት። የኔታ ያፈስሳሉ፣ እኔ ሽቦውን ወደ ላይ ወደ ታች እወዘውዛለሁ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ከታች አንድ ጥቁር ጠብታ ወጣ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ቢጫ። የኔታ ፋኖሱ ሊሟጠጥ ሲቃረብ «ጠራ እኮ» አሉ፣ ጠጅ የሚጥሉ ይመስል። ሽቦው በጣት ሲገፋ መንሸራተት ጀመረ። የሞተር ዘይት ሁለት ጠብታ ብቻ አስገባሁበት፣ መልሼ ገጠምሁ፣ ከታች በክንዱ በኩል፣ ከላይ በእጀታው በኩል እያስተካከልሁ ሳንቲሜን አስገባሁ። ልክክ አለች። ፍሬን ይዤ ሞከርኋት፤ እጀታውን ስለቅ ሞተሩ ታንቆ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ የሚደሰት ሰው ያላየ ያን ቀን እኔን ቢያይ ኖሮ።

ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። ሜዳው ላይ ስደርስ ከብቱ ገና አልተበተነም፤ በሣጥኑ ውስጥ በረዶው ቢሳሳም አልቀለጠም። ጓድ ታምራት ከላንድሮቨሩ ጥግ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ ደምሴ የሞተር መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጥቷል። «ቆማብሽ ነበር?» አለኝ አለቃዬ።

«ቆማብኝ ነበር።»

«ማን ነካት?» ያን ጊዜ ይኸ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። የመንግሥት ንብረት ነካ የተባለ ሰው አሻጥር ሠራ ተብሎ ቀበሌ ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልናገርም። «ክረምት ነው የነካት» አልሁት። «ካቦዋ ተጣብቆ ነበር፤ አወረድሁት፣ አጠብሁት፣ መልሼ አስተካከልሁት። ካላመኑኝ ደምሴ ነድቶ ይንገርዎ።» ደምሴ ነዳት፤ ሜዳውን ዞሮ መጣ። ውሸት ቢናገር ይጠቅመው ነበር፣ ግን ደኅና ልጅ ነው ብያለሁ። «እኔ ከምይዛት እሷ ብትይዛት ይሻላል፤ እኔ ይኸን መፍታት አልችልም» አለ። ጓድ ታምራት ሰዓቱን እንደገና አየና «በሉ ክትባቱ ይጀመር» አለ። ስለ ቁልፉ ዳግመኛ አላነሣም። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የኔታ ሁለቱን በሬዎቻቸውን እየነዱ፣ አስቀድሜ ከመንደሩ ከብት ጋር የከተብኋቸውን፣ ዳገቱን ወጥተው መጡ። «ተከትበዋል እኮ የኔታ» ስላቸው «አውቃለሁ። በቅሎሽን ለማየት ነው የመጣሁ» አሉ።

ሞተሯን ለብዙ ዓመት ነዳኋት። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፣ መሥሪያ ቤቱም ፈረሰና ሌላ ሆነ፣ ንብረቱ ሲከፋፈል ሞተሯ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የኔታ ታመዋል ሲሉኝ በእግሬ ሄድሁ። ዐይናቸው ጠፍቶ ነበር። በድምፄ አወቁኝ። «ድምፅዋን ሳልሰማ መጣሽ፤ በቅሎሽስ?» አሉኝ። የለችም የሚለውን ቃል ካፌ ማውጣት አቃተኝ። «ከአስፋልቱ አቁሜያት ነው፤ ደኅና ናት የኔታ» አልኋቸው። በዳበሳ ከአልጋቸው ራስጌ አንድ ጠርሙስ አወጡ፤ አፉ በሰም ታትሟል። «ዐይኔ ከጠፋ ወዲህ ፋኖስ ምን ይሠራልኛል። ራሽኑ እስኪቀር ድረስ በመጣ ቁጥር ያቆየሁላት ነው፤ ልጓሟ ሲደርቅ እጠቢያት» አሉኝ። ይዤው ሄድሁ። የሚታጠብ ካቦ አልነበረኝም።

ባጃጁን ዓባይ ማዶ መንገድ ዳር አስቆምሁት። ልጁ ግራ እየገባው ወረደ። እጀታውን ሳብሁ፤ ባዶ መሳቢያ የለውም፣ ሲለቀቅም ይጎተታል። «መፍቻ ስጠኝ» ብዬ ከቦርሳዬ አሥር ሳንቲሜን አወጣሁ፤ ዛሬ ምንም አይገዛም፣ ለዚህ ግን ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። ዳዶዋን አላልቼ፣ ሳንቲሟ እስክትገባ ድረስ አስተካከልሁለት። ቀሪውን መንገድ ባጃጁ ሳይጮህ ሄደ። ልጁ በመስተዋቱ ደጋግሞ ያየኛል።

ልጄ ቤት በር ላይ ስወርድ ሾፌሩ «እማማ፣ ቅዳሜ ሸራውን ላስቀይር ወይስ ይቅር?» አለኝ።

«ይቅር። ሸራህ አላለቀም፤ ካቦህ ተጣብቋል። ቅዳሜ ወደ ቤቴ አምጣው፣ አወርድልህና በነጭ ጋዝ እናጥበዋለን።»

«ነጭ ጋዝ ዛሬ ከየት ይገኛል እማማ?»

«አለኝ» አልሁት።